ለኮርስ ብስክሌት በእጅ የሚሠራ መንኮራኩር፦ ቸርኬ እንዴት ይመረጣል?

መንኮራኩር በእጁ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚቀልለው ቸርኬ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን የመጨረሻው ነው። ቸርኬ ብቻውን የሚመረጥ ዕቃ አይደለም፤ በላዩ ጎማ ይቀመጥበታል፣ ከውስጥ በኩል ስፖኮች ያለማቋረጥ ይጎትቱታል፣ በብዙ ብስክሌቶችም ላይ ፍሬኑ ጨምቆ የሚያቆመው ራሱን ቸርኬውን ነው። ስለዚህ ምርጫው ከእነዚህ ተነሥቶ ወደ ቸርኬው መድረስ አለበት፤ ማለትም ከፍሬኑ፣ ከጎማው፣ ከጋላቢው ክብደትና ስፖኮቹ ከሚነሡበት ከመሐሉ ሞዞ። ክብደትና መልክ የሚታሰቡት እነዚህን ሁሉ ያለፉት ጥቂት ቸርኬዎች ፊት ለፊት ሲቀርቡ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ጎማ» የምለው ላስቲኩን ብቻ ነው። ቸርኬው፣ ስፖኮቹና ሞዞው አንድ ላይ ሲገጣጠሙ «መንኮራኩር» እላቸዋለሁ። «ኒፕል» ደግሞ ስፖኩን ከቸርኬው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ትንሹ ዳዶ ነው።

አንደኛ፦ ልኩንና የፍሬኑን ዓይነት ይወስኑ

የዛሬ የኮርስ ብስክሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም 700ሲ በሚባለው ልክ የሚሠሩ ሲሆን፣ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት የቸርኬው ክፍል ስፋት ከዳር እስከ ዳር 622 ሚሊሜትር ነው። በቸርኬው ወይም በጎማው ላይ «622» የሚል ቁጥር መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በተለይ አሮጌ ብስክሌት የሚያድሱ ከሆነ ይህን አይለፉት፤ በ27 ኢንች የሚታወቀው የቀድሞ ልክ 630 ሚሊሜትር ነውና፣ 700ሲው ሲገባበት የፍሬኑ ሸራ የሚይዝበት ቦታ 4 ሚሊሜትር ወደ ሞዞው ይወርዳል። አንዳንዱ ፍሬን እዚያ ድረስ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዱ አይልም፤ ቸርኬው ከመገዛቱ በፊት በማስመሪያ መለካት ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬኑ ነው። ብስክሌቱ የዲስክ ፍሬን ያለው ከሆነ ቸርኬው የፍሬን ገጽ አያስፈልገውም፤ ጎኑ ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ በአጠቃቀምም አያልቅም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨምቅ ዓይነት ከሆነ ግን ጎኑ ጠፍጣፋና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ በመሣሪያ የተስተካከለ የፍሬን ገጽ ሊኖረው የግድ ነው። ለዲስክ ብቻ የተሠራን ቸርኬ በእንዲህ ያለ ብስክሌት ላይ መግጠም በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ጎኑ ለዚያ ሥራ አልተሠራም።

የቸርኬ ፍሬን ላለው ብስክሌት ሲገዙ የፍሬኑ ገጽ ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ይምረጡ። ምልክቱ አንዳንዴ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር፣ አንዳንዴም ትንሽ ነጥብ መሰል ጉድጓድ ነው፤ ሲጠፋ ቸርኬው ጊዜውን ጨርሷል ማለት ነው። ገጹ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነም እንዲሁ ነው። የሳሳ ጎን በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት መሸከም አቅቶት ሊቀደድ ይችላልና ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፦ ጎማውን አስቀድመው ይምረጡ፤ የቸርኬው ስፋት ከእሱ ይከተላል

የቸርኬ ስፋት ሲባል ሁለት የተለያዩ ልኮች አሉ። የውስጥ ስፋት የሚባለው ጎማው በሚገባባቸው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን፣ የውጭ ስፋት ደግሞ ከግድግዳ ውጭ እስከ ግድግዳ ውጭ ያለው ነው። ከጎማ ጋር የሚጣጣመው የውስጡ ነው፤ ሻጭ «23 ሚሊሜትር» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከሁሉ አስቀድሞ ብስክሌቱ ምን ያህል ሰፊ ጎማ እንደሚያስገባ ይወቁ። አሁን የተገጠመውን ጎማ ነፍተው በፎርኩ ውስጥ፣ በኋላ በኩል በፍሬሙ ዘንጎች መካከልና ከፍሬኑ ሥር የቀረውን ክፍተት ይለኩ። ጎማው በየትኛውም በኩል ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ነጻ ቦታ ቢኖረው ይመረጣል፤ ጭቃና ጠጠር ይዞ ሲዞር፣ መንኮራኩሩም ጥቂት ሲጣመም ፍሬሙን እንዳይፍቅ ነው። ከዚህ ተነሥተው የሚይዙት የጎማ ልክ ለምሳሌ 25፣ 28 ወይም 32 ሊሆን ይችላል።

የውስጥ ስፋት 15 ሚሊሜትር የሆነ የቀድሞ ቸርኬ ለ23 እና ለ25 ጎማ ይስማማል። ከ17 እስከ 19 ያለው ከ25 እስከ 28፣ ከ21 እስከ 23 ያለው ደግሞ ከ28 እስከ 32 ባሉት ጎማዎች ላይ በደንብ ይሠራል። እነዚህ እንደ መንደርደሪያ የሚያገለግሉ እንጂ የአምራቹን ሠንጠረዥ የሚተኩ አይደሉም፤ የጎማውም የቸርኬውም አምራች የሚፈቅዱት ልክ በሰነዳቸው ላይ ይገኛል፣ ሁለቱም የሚፈቅዱት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው በየትኛውም ቸርኬ ላይ የሚኖረው ስፋት አይደለም። ጠባብ ቸርኬ ላይ የነበረ ጎማ ሰፋ ወዳለው ሲዛወር ጠርዞቹ ይራራቃሉና ራሱም ይሰፋል፤ ከ17 ወደ 21 ሚሊሜትር ሲኬድ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። «28» የተባለው ጎማ 30 ሆኖ ከተገኘና ፍሬሙ የሚያስገባው 29 ብቻ ከሆነ፣ ከቀናት ሥራ በኋላ የተጠናቀቀው መንኮራኩር ብስክሌቱ ላይ አይገባም። የቸርኬ ፍሬን ላላቸው ብስክሌቶች የውጭ ስፋቱም እንዲሁ ይለካ፤ የፍሬኑ ክንዶች ተከፍተው የሚደርሱበት ወሰን አላቸውና።

የቸርኬው ከንፈር ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ባለ ከንፈር ቸርኬ ግድግዳው ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ታጥፎ የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ ነው። ከንፈር አልባው ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ጎማውን የሚይዘው በልኩ ጥብቀት ብቻ ነው። ከንፈር አልባ ቸርኬ ለኮርስ ጎማ ሲሆን የአየር ግፊቱ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72.5 ፒኤስአይ እንዳያልፍ በደረጃ ተወስኗል፤ የሚገጠምበትም ጎማ ለዚህ የተፈቀደ ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ፣ መሆን አለበት። ክብደታቸው ከፍ ያለና በጠባብ ጎማ የሚነዱ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ግፊት ከዚህ ወሰን ሊበልጥ ስለሚችል ለእነሱ ከንፈር አልባ ቸርኬ አይሆንም። በበኩሌ በእጅ የተሠራ መንኮራኩር ብዙ ዓመት እንዲያገለግልና በላዩም ብዙ ዓይነት ጎማ እንዲፈራረቅ የታሰበ ስለሆነ፣ ባለ ከንፈሩን ሁልጊዜ አስቀድማለሁ፤ ካላማዳሪ ለሚጠቀምም ለቲዩብለስም ይሆናል፣ የጎማውንም ምርጫ አያጠብም።

ሦስተኛ፦ የቀዳዳውን ቁጥር ከጋላቢው ክብደት ጋር ያዛምዱ

ከዓመታት በፊት 90 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ወዳጄ የኋላ መንኮራኩር ሠራሁለት። እሱም እኔም በቅለት ተስበን ስለነበር የመረጥነው 400 ግራም የማይሞላ ዝቅተኛ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ቀዳዳውም 24 ብቻ ነበር። ሥራው ሲጠናቀቅ ቀጥ ብሎ የሚዞር፣ ለዓይን የሚያምር መንኮራኩር ሆነ። ወር ሳይሞላው ግን የግራ በኩል ስፖኮች እየላሉ መጡ፤ ሦስት ጊዜ መልሼ አጠበቅኳቸው። በሁለተኛው ዓመት ቸርኬውን በጨርቅ ወልውዬ በጥፍሬ ስዳስሰው፣ በቀኝ በኩል ባሉ ሦስት ቀዳዳዎች ዙሪያ ጥፍሬ የሚይዘው ነገር አገኘሁ፤ ወደ ብርሃን ሳቀርበው ከቀዳዳው ተነሥቶ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ያንኑ ሞዞ መጠቀም አልቻልኩም፤ የእሱም ቀዳዳ 24 ስለነበር ነው። አዲስ ባለ 32 ሞዞና 490 ግራም የሚመዝን ቸርኬ ገዝቶ እንደገና ሠራሁለት፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አልነካውም።

ስንጥቁ ለምን መጣ? መንኮራኩር ክብደት የሚሸከመው ስፖኮቹ አስቀድመው በመወጠራቸው ነው። መንገዱን በሚነካው ቦታ ላይ ያሉት ስፖኮች በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ይላላሉ፣ ተመልሰውም ይወጠራሉ። ስፖኩ ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ የሚሸከመው ይበዛል፤ የተፈለገውን ጥንካሬ ለማግኘትም አብዝቶ ማጥበቅ ግድ ይሆናል። ያን ሁሉ ጉተታ የሚቀበለው በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስስ ብረት ነው፤ ቀላል ቸርኬ ደግሞ ቅለቱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቦታ ብረት ተቀንሶ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይወስኑ። 65 ኪሎ የማይሞላ ሰው በጥሩ መንገድ ላይ ከፊት 20 ወይም 24፣ ከኋላ 24 ወይም 28 ቀዳዳ ይበቃዋል። ከ65 እስከ 85 ኪሎ ለሚመዝን ከፊት 24 ወይም 28፣ ከኋላ 28 ወይም 32 ያድርጉ። ከዚያ በላይ ለሚመዝን፣ ጭነት ለሚይዝ ወይም መንገዱ የተቦዳደሰ ለሆነበት ሰው 32 ከኋላ ዝቅተኛው ነው፤ 36ም አይበዛበትም። ቸርኬው ጥልቅና ጠንካራ ከሆነ ከዚህ ላይ አራት መቀነስ ይቻላል። የዲስክ ፍሬን ካለ ፊተኛውም መንኮራኩር የፍሬኑን ጉልበት በስፖኮቹ በኩል ስለሚያስተላልፍ ከ24 አያሳንሱ። ስምንት ስፖክ መጨመር ከ50 ግራም ብዙ አያልፍም፤ በዚህ ዋጋ የሚገኘውን ዕድሜ የሚያህል ሌላ ማሻሻያ አላውቅም።

የቸርኬውና የሞዞው ቀዳዳ ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ሞዞ በእጅዎ ካለ ምርጫው ተወስኖልዎታል ማለት ነው።

በኋላኛው መንኮራኩር ላይ ሌላ ችግር አለ። በቀኝ በኩል የማርሹ ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ ስፖኮቹ የሚሰኩበት የሞዞው የቀኝ ክንፍ ወደ መሐል ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ቸርኬው ግን በፍሬሙ መሐል መቆም አለበት። በመሆኑም የቀኞቹ ስፖኮች ቀጥ ብለው፣ የግራዎቹ ተጋድመው ይወጣሉ፤ ሚዛኑ እንዲጠበቅም የግራዎቹ ውጥረት አነስተኛ ይሆናል። ለምሳሌ የቀኝ ክንፍ ከመሐል 18፣ የግራው 36 ሚሊሜትር ቢርቅ የግራው ውጥረት የቀኙ ግማሽ ነው፤ ቀኙ 120 ኪሎ ሲጎትት ግራው የሚጎትተው 60 ብቻ ነው። የወዳጄ ግራ ስፖኮች ይላሉ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ቀዳዳዎቹ ከቸርኬው መሐል ወደ አንድ ጎን የተዛወሩበትን ቸርኬ ለኋላው መምረጥ ነው። ቀዳዳዎቹ 3 ሚሊሜትር ወደ ግራ ቢዛወሩ በምሳሌው ያለው ርቀት 21 እና 33 ይሆናል፤ ያኔ ቀኙ 120 ሲጎትት ግራው ወደ 76 ያድጋል። ሦስት ሚሊሜትር ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች። በዲስክ ፍሬን ብስክሌት ላይ ዲስኩ በግራ በኩል ቦታ ስለሚይዝ ለፊተኛውም ይህንኑ ቸርኬ መጠቀም ይቻላል፤ ያኔ ግን የተዛወረው ጎን ወደ ቀኝ ይዞራል። ገልብጦ መግጠም ችግሩን ያባብሰዋልና ስፖክ ማስገባት ከመጀመርዎ በፊት በቸርኬው ላይ «ግራ» ብለው በቀለም ምልክት ያድርጉ።

አራተኛ፦ የተሠራበትን ነገር፣ ጥልቀቱንና ክብደቱን ያመዛዝኑ

አሁን የቀሩት ቸርኬዎች ጥቂት ናቸው፤ ክብደት የሚመዘነው እዚህ ነው። የአሉሚኒየም የኮርስ ቸርኬ በአብዛኛው ከ400 እስከ 550 ግራም ይመዝናል። ከሁለቱም ቸርኬ 100፣ 100 ግራም ቢቀነስ ምን ይገኛል? በቸርኬ ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት ከመሄዱ በተጨማሪ ስለሚሽከረከር፣ ፍጥነት ሲጨመር እንደ ሁለት እጥፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 200ው ግራም 400 ይሆናል። ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ ይህ ግማሽ በመቶ ነው። በአንድ ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ደግሞ እጥፉ ይቀርና ሩብ በመቶ ብቻ ይሆናል። ለውድድር ሰው ይህ ዋጋ አለው፤ ለሌላው ግን አንድ የተሰነጠቀ ቸርኬ አያክልም።

ጥልቀት ለአየር መሰንጠቅ ይረዳል። ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው ዝቅተኛ ቸርኬ ለሁሉም አገልግሎት ይሆናል። 50 እና ከዚያ በላይ የሆነው በሜዳ ላይ ፈጣን ቢሆንም ነፋስ ከጎን ሲመጣ መሪውን ይገፋል፤ ይህ በይበልጥ የሚሰማው በፊተኛው ስለሆነ ቀላል ሰውነት ያለው ጋላቢ ፊተኛውን ዝቅ፣ ኋለኛውን ከፍ ማድረግ ይችላል። አየር ቁም ነገሩ የሆነ ሰው የቸርኬው የውጭ ስፋት ከተነፋው ጎማ ስፋት ቢያንስ 5 በመቶ እንዲበልጥ ያድርግ፤ ተለክቶ 28 ለሆነ ጎማ 29.4 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ካርቦን ፋይበር ጥልቅ ቸርኬን ቀላል አድርጎ ለመሥራት አሉሚኒየም የማይደርስበት ነው። ሆኖም የቸርኬ ፍሬን ላለው ብስክሌት ረጅም ቁልቁለት ባለበት ቦታ አልመክረውም፤ ፍሬኑ የሚያመነጨው ሙቀት ፋይበሩን ያጣበቀውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል። በዲስክ ፍሬን ላይ ይህ ችግር የለም። የካርቦን ቸርኬ ከመረጡ ኒፕሉን የነሐስ ያድርጉ፤ አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል። ለመጀመሪያ ጊዜ መንኮራኩር የሚሠራ ሰው ግን በአሉሚኒየም ይጀምር። ጉድጓድ ሲመታው የሚጎብጠው በግልጽ ይታያል፤ የካርቦኑ ስንጥቅ ግን ሊደበቅ ይችላል።

አምስተኛ፦ ቸርኬውን በእጅዎ ይዘው ይመርምሩ

የተጻፈውን ክብደት አይመኑ፤ በሚዛን ያስቀምጡት። ከተባለው በጣም ቀልሎ ከተገኘ ብረቱ የሳሳበት ቦታ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በመስታወት ወይም ፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በጣትዎ ዙሪያውን ይጫኑት። በአንድ በኩል ሲጫኑ በሌላው ከተነሣ ተጣሟል። ጥቂት መጣመም በስፖክ ይቃናል፤ ነገር ግን ቸርኬውን ወደ ቀጥታ የሚስበው ውጥረት ከሌሎቹ የተለየ ስለሚሆን ያ ቦታ ዘወትር ደካማ ይሆናል። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከተነሣ ይመልሱት።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀጥ ያለ ዘንግ ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበት ስለሆነ መጋጠሚያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከቫልቩ ቀዳዳ በተቃራኒ ይገኛል። ተበይዶ የተስተካከለ ወይም ከውስጥ ማያያዣ ገብቶበት የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ያገለግላሉ። ጥፍርዎን በመጋጠሚያው ላይ ያሳልፉ፤ በፍሬኑ ገጽ ላይ ደረጃ መሰል ነገር ከተሰማዎት ፍሬን በያዙ ቁጥር መንኮራኩሩ ይንቀጠቀጣል።

ስድስተኛ፦ ስፖክ ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬውን ራስዎ ይለኩ

የስፖክ ርዝመት የሚሰላው በቸርኬው ውስጥ ኒፕሎቹ ከተቀመጡበት ተነሥቶ ነው፤ ይህም ከአንድ ስፖክ ጫፍ እስከ ትይዩው ስፖክ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። አምራቾች ይህን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የሚለኩት ከአንድ ቦታ አይደለም። በዚህ ልክ ላይ የ2 ሚሊሜትር ስህተት ቢኖር ስፖኩ 1 ሚሊሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ሁለት አሮጌ ስፖኮች ይውሰዱ። ኒፕል ያስገቡባቸውና የስፖኩ ጥርስ ያለበት ጫፍ በኒፕሉ ራስ ላይ ካለው ስንጥቅ ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ያዙሩት፤ እንዳይንቀሳቀስም በሙጫ ያጣብቁት። ከዚያ ከዚህ ጫፍ ጀምሮ ልክ 200 ሚሊሜትር ለክተው የታጠፈውን ጫፍ ይቁረጡ። ሁለቱን ስፖኮች ትክክል ተቃራኒ በሆኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ያስገቡ፤ 32 ቀዳዳ ባለው ቸርኬ ላይ አንደኛውና አሥራ ሰባተኛው ይሆናሉ። ወደ መሐል ጠበቅ አድርገው እየሳቡ በተቆረጡት ጫፎች መካከል የቀረውን ክፍተት በካሊፐር ይለኩ። ክፍተቱ 196 ሚሊሜትር ቢሆን 400 ይጨምሩበት፤ ልኩ 596 ነው።

ይህንኑ በሦስት የተለያዩ ጥንዶች ይድገሙ። ውጤቶቹ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከተለያዩ አማካያቸውን ይያዙና የስፖኩን ርዝመት በእሱ ያስሉ። ከዚያ በላይ ከተለያዩ ቸርኬው ክብ አይደለም፤ ስፖክ ሳይገባበት፣ ጎማም ሳይነካው ወደ ሻጩ ይመልሱት።